መኪናው የያዘው፣ ሹፌሩ የረሳው

የአንድ የቤት መኪና የደህንነት መሳሪያዎች በሥራቸው በሁለት ይከፈላሉ። ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ስፖኪዮና ዝናብ መጥረጊያ አደጋ እንዳይደርስ ይከላከላሉ። ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ የራስ መደገፊያና የሕጻናት ወንበር ደግሞ አደጋው አልቀር ሲል በውስጥ ያለውን ሰው ያተርፋሉ። በአዲስ አበባ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለትና ጀሞ ሦስት ኮንዶሚኒየሞች ግቢ የሚያድሩት ቪትዞች፣ ያሪሶች፣ ኮሮላዎችና ሱዙኪ ዲዛየሮች እንደየዘመናቸው ከእነዚህ ብዙውን ይዘው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። መኪና ሲገዛ ግን የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀለሙና ነዳጅ ትበላ እንደሆነ ነው። የቀበቶውን መቆለፊያ የሚሞክር ወይም የጎማውን ዕድሜ የሚያነብ ገዢ ጥቂት ነው። ይሁንና ሕይወት በማትረፍ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነዚሁ ርካሽና ተራ የሚመስሉት ዕቃዎች ናቸው፤ እነሱም የሚያገለግሉት በልክ ሲስተካከሉና በየቀኑ ሲሠራባቸው ነው።

ሥራው የሚጀምረው በሩ ሳይከፈት ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ መኪና የሚቆመው በብሎኮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ነው። ያው ቦታ የልጆች መጫወቻ፣ የልብስ ማስጫ፣ አንዳንዴም የሠርግና የለቅሶ ድንኳን መትከያ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት በአማካይ አንድ ሜትር አይሞላም። ከመኪናው ኋላ ተጠግቶ የቆመ ወይም የተቀመጠ ልጅ ደግሞ በኋላ መስተዋትም ሆነ በጎን ስፖኪዮ አይታይም። ስለዚህ ሞተር ከማስነሳት በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ መዞር ከየትኛውም ካሜራ የተሻለ መከላከያ ነው። በዚያው ዙር የተነፈሰ ጎማ፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ውሃ፣ የተሰበረ ፍሬቻ ይታያል። የኋላ ካሜራ ያለው መኪናም ቢሆን ሌንሱ በክረምት ጭቃ ሲሸፈን የሚያሳየው ጭጋግ ብቻ ነው፤ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ከቦታ ወደ ኋላ ሲወጣ መስኮት ከፍቶ ሬዲዮ መቀነስ፣ ከተቻለም አስቀድሞ በኋላ ገብቶ አቁሞ ጠዋት በፊት መውጣት የበለጠ ያዋጣል። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚንጋጉበት ሰዓት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የመቀመጫው ማስተካከያ ብዙዎች እንደ ምቾት ብቻ የሚያዩት ነገር ነው። ትክክለኛው መለኪያ ግን ፍሬን ነው፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ መታጠፍ አለበት፣ ጀርባም ከመደገፊያው መነሳት የለበትም። ደረት ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ምክንያቱ ኤርባግ ሲፈነዳ የሚፈልገው ቦታ ስለሆነ ነው። ቁመታቸው አጠር ያሉ ሹፌሮች መሪው ላይ ተጠግተው የመቀመጥ ልማድ አላቸው። ለእነሱ መፍትሔው ወንበሩን ወደ ላይ ማንሳት፣ ማንሻ ከሌለው ጠንካራ ትራስ ማድረግ ነው። የራስ መደገፊያው የላይ ጫፍ ከጭንቅላት አናት ጋር እኩል ይሁን፤ ቢያንስ ከጆሮ በታች መውረድ የለበትም። ስሙ እንቅልፍ ቢያስታውስም ሥራው ሌላ ነው። ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ሲገጭ አንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ እንዳይጎዳ የሚይዘው እሱ ነው። ዝቅ ብሎ የቀረ መደገፊያ አንገትን ከመያዝ ይልቅ እንደ መታጠፊያ ሆኖ ጉዳቱን ያባብሳል።

የጎን ስፖኪዮ የሚስተካከለው የራስ መኪና ጎን በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ለመታየት ያህል ብቻ እንዲቀር ተደርጎ ነው። የገዛ በሩን በሰፊው እያየ የሚነዳ ሹፌር አጠገቡ ያለውን መስመር እያጣ ነው። በትክክል ተስተካክሎም ቢሆን በሁለቱ መስተዋቶች መካከል የማይታይ ቦታ ይቀራል። ከጀሞ ወደ ለቡና ኃይሌ ጋርመንት በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ብቅ የሚሉት ከዚሁ ቦታ ነው፤ መስመር ከመቀየር በፊት አንገትን አዙሮ በትከሻ በኩል ማየት የግድ ነው። ፍሬቻም መሪ መዞር ከጀመረ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ይበራል። ዞሮ የሚያበራ ሹፌር ለሌላው ሰው የነገረው ያለፈ ወሬ ነው።

ዛሬ በሁሉም መኪና ያለውን በሦስት ነጥብ የሚያዝ ቀበቶ የሠራው በስዊድኑ ቮልቮ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1959 ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለ ሰው በግጭት የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ፣ ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ሌላ መሳሪያ በመኪና ውስጥ የለም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብዙ ሰው እንደ ቀስታ የሚቆጥረው ነው። በዚህ ፍጥነት ከግንብ ወይም ከቆመ ሲኖትራክ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው፤ በጀሞ ሕንጻዎች አነጋገር ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ መዝለል ማለት ነው። ከዚያ በረንዳ የሚወድቅን ሰው በእጅ መሪ ወይም ዳሽቦርድ ተደግፎ መቆም አያድነውም። ቀበቶ የሚያድነው ጉልበቱን ጠንካራ በሆኑት የሰውነት ክፍሎች፣ በዳሌ አጥንትና በደረት ላይ ስለሚያከፋፍለው ነው። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ ተጠብቆ መዋል አለበት፤ የላይኛው በትከሻ መሃል አልፎ ደረትን ያቋርጣል። በክንድ ሥር ማሳለፍ የጎድን አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ጃኬት ወይም ጋቢ ላይ የታሰረ ቀበቶ ላልቶ ይቀራል፤ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴትም ታስራለች፤ የታችኛው ከሆዷ በታች፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን ይወርዳል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ አድርጓል፤ እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራትንም ከልክሏል። ልማዱ ግን ከሕጉ ጎን ለጎን ሄዷል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ቀበቶውን ደረት ላይ ጣል አድርጎ ሳይቆልፉ ማለፍ፣ ድምፁ እንዳይረብሽ ከጀርባ ቆልፎ እላዩ ላይ መቀመጥ የተለመደ ነው። ይህ ግን ቅጣትን እንጂ ግጭትን አያታልልም። ከሁሉ የተረሳው የኋላ ወንበር ነው። ባል ሹፌር፣ አያት ጋቢና፣ እናትና ልጆች ከኋላ ሲቀመጡ ቀበቶ የሚያስሩት የፊተኞቹ ብቻ ይሆናሉ። በግጭት ጊዜ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ ወደ ፊት ተወርውሮ የታሰረውን የፊት ሰው በክብደቱ ይመታል፤ አንዱ ሳያስር ሌላውን ይገድላል ማለት ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች የኋላ መቆለፊያዎች ወንበሩ ሥር ገብተው ወይም በወንበር ልባስ ተሸፍነው ይገኛሉ። ልባስ የሚያሰፋ ሰው መቆለፊያዎቹ የሚወጡበት ቀዳዳ እንዲተውለት መንገር አለበት። ቀበቶው ራሱም ያረጃል። ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ በድንገት ሲጎተት የማይዝ ወይም ተስቦ የማይመለስ ከሆነ ይቀየራል፤ ከባድ ግጭት ያለፈበት ቀበቶም በመልክ ደህና ቢሆን እንኳ ሥራውን ጨርሷል።

የልጆች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ሕጻን በእናት እቅፍ መያዝ በኢትዮጵያ ቤተሰብ ዘንድ የፍቅርና የጥንቃቄ ምልክት ነው። የፊዚክስ ሕግ ግን ለፍቅር አያደላም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕጻን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሚደርስ ግጭት ከ200 እስከ 300 ኪሎ እንደሚመዝን ሆኖ ከእጅ ይወጣል፤ ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። ከዚያም የባሰው እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ ማሰር ነው፤ የእናቲቱ ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ያርፋል። ሕጻናት ፊታቸውን ወደ ኋላ ባዞረ ወንበር የሚቀመጡት ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው አንጻር ከባድ፣ አንገታቸውም ያልጠና ስለሆነ ነው። በአውሮፓ የሚሠራበት ደረጃ ይህን አቀማመጥ ቢያንስ እስከ 15 ወር ያስገድዳል፤ ባለሙያዎች ከዚያም በላይ እንዲቆይ ይመክራሉ። ከፍ ያሉ ልጆች ደግሞ ቀበቶው አንገታቸው ላይ እንዳያርፍ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ቁመታቸው ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ የአዋቂ ቀበቶ በልኩ ይይዛቸዋል።

የሕጻናት ወንበር በአዲስ አበባ ገበያ ውድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ከውጭ አገር ከሚመጣ ዘመድ ወይም ከሌላ ቤተሰብ ያገኘዋል። ግጭት ያላየና ማሰሪያዎቹ የተሟሉለት ከሆነ ያገለገለ ወንበር ከምንም ይሻላል። ወንበሩ በልኩ መታሰሩ የሚታወቀው በማሰሪያው ሥር ተይዞ ሲነቀነቅ ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ ሲላወስ ካልታየ ነው። ወንበር የሌለው ቤተሰብ ልጆቹን ቢያንስ ከኋላ አስቀምጦ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ቀበቶ ማሰር ይችላል። የኋላ በሮች ጠርዝ ላይ የምትገኘዋ ትንሽ የልጅ መቆለፊያ በሩ ከውስጥ እንዳይከፈት ታደርጋለች፤ ሹፌሩ አጠገብ ያለው ቁልፍ ደግሞ የመስኮቶቹን ማውረጃ ይዘጋል። ሁለቱም ዋጋ አይጠይቁም፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ተከፍተው ይገኛሉ። በቆመ መኪና ውስጥ ልጅን ብቻውን መተው ግን በየትኛውም ቁልፍ አይስተካከልም፤ መስኮት የተዘጋ መኪና በጀሞ የጥር ፀሐይ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

ኤርባግ የቀበቶ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ግጭት ሲሰማው ዓይን ከሚርገበገብበት ባነሰ ጊዜ፣ በ30 እና በ50 ሚሊ ሰከንድ መካከል በጋዝ ይሞላል። በዚህ ኃይል የሚወጣ ከረጢት ቀበቶ ያላሰረና ወደ ፊት የተወረወረ ሰው ቢያገኝ ራሱ ይጎዳዋል። ጋቢና ያለው ኤርባግ ሳይዘጋ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕጻን ወንበር እዚያ ማስቀመጥ ገዳይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳሽቦርድ ላይ እግር መስቀል፣ ኤርባጉ ክዳን ላይ ጌጥ ወይም ስልክ መያዣ መለጠፍም አይገባም።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር ሲነዱ ቆይተው የመጡ ስለሆኑ ኤርባጉ ስለመኖሩ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። ቁልፍ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ ኳስ የያዘ የሚመስል መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ተበላሽቷል። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ ቀድሞ በደረሰ ግጭት ኤርባጉ ፈንድቶ፣ ባዶ ክዳን ተገጥሞ፣ መብራቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም ዳሽቦርዳቸው ሙሉ በሙሉ የተፈታ በመሆኑ ይህ ምርመራ ይገባቸዋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በረጅም ጊዜ ሙቀትና እርጥበት ማቀጣጠያቸው እየተበላሸ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ መርጨታቸው ስለታወቀ፣ በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል። ከተጠሩት መካከል በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ በርካታ ኮሮላዎችና ቪትዞች ይገኙበታል። በሁለተኛ እጅ ከአገር አገር የዞረ መኪና ጥሪው ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። ባለቤቱ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ በአምራቹ ድረ ገጽ ማጣራት ይችላል።

የዳሽቦርድ መብራቶች ቀለማቸው ራሱ ይናገራል። አረንጓዴና ሰማያዊ የበራውን ያሳውቃሉ፣ ቢጫ በቅርቡ ጋራዥ ይጠራል፣ ቀይ ደግሞ አሁኑኑ ዳር ይዞ መቆምን ያዛል። ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ «እስከ ሰፈር ላድርሳት» ማለት ሞተሩን በጥቂት ኪሎ ሜትር ሊያነክሰው ይችላል። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚያደርገው። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን የሚያቃጥለው የታመቀው ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚገነፍል ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፍሬን ከሹፌሩ ጭንቅላት ይጀምራል። አደጋ አይቶ እግርን ወደ ፔዳል ለማድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በዚያች ሰከንድ መኪናው 14 ሜትር ሄዷል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ30 ኪሎ ሜትር ግን ጠቅላላው 13 ሜትር አካባቢ ነው። በሌላ አባባል በ30 የሚነዳው ሹፌር ሙሉ በሙሉ ቆሞ ሳለ በ50 የሚነዳው ገና ፍሬን መርገጡ ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ላሰበ፣ በጀሞ አደባባይ አካባቢ ይህ 15 ሜትር ልዩነት ማለት ዜብራ ላይ ያለ ሰው ማለት ነው።

ኤቢኤስ ያለው መኪና በድንገት ሲያዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው እንዳይንሸራተቱ ፍሬኑን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀ ይይዛል። በዚያ ጊዜ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅም ያሰማል። ያልለመደ ሹፌር ተበላሸ ብሎ ደንግጦ እግሩን ያነሳል፤ ትክክለኛው ግን አጥብቆ ረግጦ መያዝና በመሪ መሸሽ ነው። ኤቢኤስ በሌለው አሮጌ መኪና ደግሞ ጎማ ሲቆለፍ ለቀቅ አድርጎ መልሶ መርገጥ ያስፈልጋል። የትኛው ዓይነት መኪና እንደሚነዳ የማያውቅ ሰው ቁልፍ ሲከፍት የኤቢኤስ መብራት በርቶ መጥፋቱን ይይ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ መቀየር አለበት፤ ሸራ እንጂ ዘይቱ ትዝ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

መሬት የሚነካው የመኪና ክፍል ጎማ ብቻ ነው። የአየሩ ልክ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል፤ ለትንንሽ የቤት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው፣ በወር አንድ ጊዜ ጎሚስታ ጎራ ማለት ይበቃል። ሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶንና የክረምት ጉድጓድ የጎማውን ጎን ይጎዳል፤ በጎኑ ላይ እንደ እጢ ያበጠ ጎማ ውስጡ ተበጥሷል፣ አይጠገንም። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ውሃውን ገፍቶ ማስወጣት ስለማይችል በዝናብ ጊዜ መኪናው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የጎማ ዕድሜ ደግሞ በጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ይነበባል። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ አዲስ አይደለም። ትርፍ ጎማውም አየር ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ባዶነቱ የሚታወቀው በተፈለገበት ሌሊት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም መስተዋት መጉም የየዕለት ችግር ነው። በጨርቅ ወይም በእጅ መጥረግ ቅባት ያስይዘዋል፣ በሌሊት የፊት ለፊት መብራት ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። መፍትሔው ኤሲውን ማብራት ነው፤ ብርድ ቢሆንም። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ከሙቅ አየር ጋር ወደ መስተዋቱ ሲነፋ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያጠራዋል። የኋላ መስተዋት ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። የዝናብ መጥረጊያ ላስቲክ በበጋው ፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ግንቦት ላይ መቀየር ሐምሌን ያቀላል። በዝናብ መካከል አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው ወዴት እንደሚታጠፍ ለሌላው ይሸሽጋል። አራቱ ፍሬቻ ለቆመ መኪና ነው፣ በሠርግ አጀብ ላይ ያለውን ልማድ ትቶ። ረጅም መብራትም ከፊት መኪና ሲመጣ ዝቅ ይላል፤ በጨረሩ ምክንያት ያልታየው ሰው በመካከል የሚያቋርጠው እግረኛ ነውና።

ከጀሞ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ወደ ጅማ የሚጓዝ ቤተሰብ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ የሚፈተነው ፍሬን ነው። ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ሆኖ ይወርዳል። ሽቅብ በሚወጣበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነው፣ አሁንም ትክክል ነው። አውቶማቲክ መኪና ላይ ያሉት 2፣ ኤል ወይም ቢ የሚሉት ቦታዎች ለዚሁ የተቀመጡ ናቸው፤ ብዙ ባለቤቶች ግን አንድ ቀን እንኳ ነክተዋቸው አያውቁም። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በፎሌ መውረድ አደገኛ ከመሆኑም በላይ ጥቅም የለውም። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ቤንዚኑን ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። ለመቅደምም ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር አምስት ሰው ጭኖ አይሱዙ ለመቅደም የሚፈጅበት ጊዜ ሹፌሩ ከሚገምተው ይረዝማል።

ተዳፋት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን ይያዛል። አውቶማቲክ መኪናን በፒ ብቻ መተው ክብደቱን በሙሉ በአንዲት ትንሽ ብረት ላይ መስቀል ነው። ቅደም ተከተሉ እግር ፍሬን ላይ እያለ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ፒ ነው። የፊት ጎማን ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ማዞርና ከጎማው ሥር ታኮ ማድረግ የሚኒባስ ረዳቶች የሚያውቁት፣ የቤት መኪና ባለቤቶች የሚንቁት ጥበብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየግቢው በዝተዋል። ከላይ ከተባለው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይበልጥ። በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው ስለማይሰማ ኳስ የሚያባርር ልጅ ዞር አይልም። እግር ከመስጫው ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ቁልቁለት ይቀላቸዋል፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከተነሱ ግን ይህ መያዝ ይደክማል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ለሰፈር ኤሌክትሪሻን አይሰጡም። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጽሑፋቸው በቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ሳያነበው በዝምታ የሚያጠፋው መልእክት የፍሬን ሊሆን ስለሚችል ቋንቋው እንዲቀየርለት ወይም ትርጉሙ እንዲጻፍለት ሻጩን መጠየቅ አለበት።

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ድንጋይና የዛፍ ቅርንጫፍ መደርደር የአገሩ ልማድ ነው። ቅርንጫፉ በጨለማ አይታይም፤ ድንጋዩ ደግሞ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀርቶ ሌላውን ይገለብጣል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ለዚህ የተሠራ ነው። በከተማ ከ30 ሜትር ያላነሰ፣ በገጠር አውራ ጎዳና ከ100 ሜትር ገደማ ኋላ ይቆማል፣ መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት። ቤተሰቡ ከመኪናው ወርዶ ከአስፋልቱ ውጭ ይጠብቅ። የእሳት ማጥፊያው ከሹፌሩ እጅ በማይርቅ ቦታ ይቀመጣል፣ ጠቋሚው አረንጓዴ ላይ መሆኑ ይታያል። ኮፈን ሥር እሳት ሲነሳ ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት አየር ይሰጠዋል፤ በትንሹ ገርበብ አድርጎ በቀዳዳው መርጨት ይሻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከተቀጣጠለ ግን ትንሿ ማጥፊያ ምንም አታደርግም፤ ርቆ እርዳታ መጥራት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። የተጎዳ ሰው እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋው በስተቀር ከመኪና አይጎተትም፤ የአከርካሪ ጉዳት የሚባባሰው በደግ እጆች ነው። ሐኪም ቤት ሲደርስም ገንዘብ የለም ተብሎ አይመለስም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።